«እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾመው?»

ሁዳዴ በገባ ቁጥር፣ 55ቱንም ቀን፣ ቢሮም ሆነ ታክሲ ውስጥ ይህቺ ጥያቄ አትጠፋም። አንዱ «እስከ ዘጠኝ» ይላል፤ ሌላው «እኔ እንኳ እስከ አሥራ አንድ» ብሎ ይበልጠዋል። ስድስት ሰዓት ላይ የሚበላው አንገቱን ይደፋል።

ኢኮኖሚክስ ስማር ቶሎ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የሁለት ሰዎችን አቅም ሳያውቁ በአንድ ቁጥር ማወዳደር እንደሚያሳስት ነው። መቶ ብር ለባለሀብቱ ምንም አይደለችም፤ ለቀን ሠራተኛው ግን የቤተሰቡ እራት ናት። ወንጌሉም ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። በማርቆስ ምዕራፍ 12 ያለችው መበለት ሁለት ሳንቲም ጥላ ከባለጠጎቹ በላይ የተመሰገነችው፣ ከሰጠችው ይልቅ የቀራት ስለታየ ነው። ምንም አልቀራትማ!

ጾምም እንደዚያው ነው። ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለና ወንበር ላይ የዋለ እኩል ሰዓት ቢጾሙ እኩል አልከፈሉም። የጨጓራ መድኃኒት የምትወስድ ጓደኛ አለችኝ። ከንስሐ አባቷ ጋር ተማክራ ቁርስ ትበላለች፤ ግን የሰው ዓይን ፈርታ ደረጃ ሥር ተደብቃ ነው የምትበላው። ዘንድሮ ከጽዋ ማኅበሯም ቀርታለች። ያስቀራት ሕመሙ አይደለም፤ ጥያቄው ነው።

በሉቃስ ምዕራፍ 18 ያለው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለቴ መጾሙን የካደበት የለም። ጾሙን ያበላሸበት ከቀራጩ ጋር ማስተያየቱ ነው።

እናም ወዳጄ፣ መጠየቅህ ካልቀረ ሰዓቱን ተወውና «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» በል።