ገንዘብ ባይኖር ሥራ ይቀር ነበር?

በሬዲዮ ያዳመጣችሁትን ትምህርት እነሆ በጽሑፍ አቅርበንላችኋል። ቀስ ብላችሁ፣ ቃል በቃል እየለያችሁ አንብቡት።

የዛሬው ርእሳችን አንድ ጥያቄ ነው። ነገ ጠዋት ስትነሡ ገንዘብ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፍቶ ብታገኙት ምን ይሆናል? መቀነት ቢፈታ፣ ኪስ ቢበረበር፣ አንዲት ሳንቲም የለችም። ታዲያ ያን ቀን ሥራ ይቆማል?

እስቲ እናስብ። መሬቱ አለ። በሬው አለ። ጉልበትም አለ። ጤፉ መታረም ይፈልጋል፤ የታመመው አስታማሚ ይፈልጋል። ሥራው የትም አልሄደም። የጠፋው ሥራውን የምንለካበት ነገር ነው።

እናት ውሃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ልጅ ስታሳድግ ማን ደመወዝ ከፈላት? ማንም። ነገር ግን እሷ አንድ ቀን ሥራ ብታቆም ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ገንዘብ የማይለካው ትልቅ ሥራ ድሮም በቤታችን አለ።

አሁን ደግሞ ከቤት ወጥተን ወደ ማሳ እንሂድ። ደቦን ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ድግስ ይደግሳል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ እየዘፈነ ያጭድለታል። ወንፈል ግን ከደቦ ይለያል። ዛሬ አንተ ለእኔ ታርማለህ፤ ነገ እኔ ለአንተ አርማለሁ። ሁለት ቀን ከሠራህልኝ ሁለት ቀን እመልሳለሁ። ብቀር አገር ይታዘበኛል፤ ለከርሞ የሚመጣልኝ ሰው አላገኝም። ልብ በሉ! እዚህ ገንዘብ የለም፤ ቆጠራ ግን አለ። መዝገቡም የሰው ልብ ነው።

እንግዲህ ይህ ነገር የሚሠራው ሰው ከሰው ሲተዋወቅ ነው። በአፋር ቆላ ጨው የሚጠርበውን ሰው የጎጃም ገበሬ አያውቀውም። ሁለቱ እንዴት ወንፈል ይገባሉ? ስለዚህ አሞሌ ጨው ራሱ ገንዘብ ሆነ። አሞሌው ከአፋር በግመል እየወጣ፣ ከዚያም በአጋሰስ እየተጫነ፣ ጎንደር፣ ጎጃምና ሸዋ ገበያ ድረስ ይሄድ ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይሟሟል። ቀጥሎ 1780 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር የምንለው፣ ከአሞሌው ጋር አብሮ ይሠራበት ጀመር። እንግዲያው ገንዘብ ማለት በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የሚሄድ ወንፈል ነው ማለት ይቻላል።

ገንዘብ ይቅር የሚለውን ሐሳብ በተግባር የሞከረ መንግሥትም ነበረ። አገሩ በሩቅ ምሥራቅ የምትገኘው ካምቦዲያ ናት። በሚያዝያ 1967 ዓ.ም. ክሜር ሩዥ የሚባሉት ሥልጣን ያዙ። ገንዘብን ሻሩ፣ ገበያ ዘጉ፣ የብሔራዊ ባንኩን ሕንፃ በፈንጂ አፈረሱ። የከተማውን ሕዝብ አስወጥተው ወደ እርሻ ነዱት። ታዲያ ሥራውንና ምግቡን ማን ለካ? መሣሪያ የያዘው አለቃ። ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ስንት ጭልፋ እንደሚበላ እሱ ወሰነ። እምቢ ማለት ሞት ነበር። በረሃብ፣ በበሽታና በግድያ ያለቀው ሕዝብ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታል። አገዛዙ በ1971 ዓ.ም. ወደቀ። ሕዝቡም ወዲያው በሩዝና በወርቅ መገበያየት ጀመረ። እኛ ጨውን አሞሌ እንዳደረግን እነሱም ሩዝን አሞሌ አደረጉ ማለት ነው። መንግሥት ያወጣው ገንዘብ የተመለሰው በመጋቢት 1972 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ደቦም ያለ ገንዘብ ነው፤ የካምቦዲያውም ሥራ ያለ ገንዘብ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? ደቦ የሚመጣው ሰው ወድዶ ይመጣል፤ ባይመችው ይቀራል። ሚዛን ሲነሣ በቦታው ሌላ ነገር ይተካል፤ ወይ መተማመን ይተካል፣ ወይ ዱላ።

ስለዚህ ያለ ገንዘብ የሚኖር ማኅበር ብናስብ፣ አስቀድመን እነዚህን እንጠይቅ። የመጸዳጃ ጉድጓዱን ማን ይጠርጋል? ሌሊት ዳቦ ማን ይጋግራል? ሐኪም የሚሆነው ልጅ ብዙ ዓመት ሲማር ማን ያበላዋል? ለዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከባዱን ሥራ በተራ መሥራት። ሁለተኛ፣ ማን ምን እንደሠራና ምን እንደወሰደ የሚያሳይ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ። ሦስተኛ፣ ያለ ፍርሃት «ይህ ልክ አይደለም» የማለት መብት።

መዝገቡ ክፍት ቢሆንም የማያነብ ሰው ምን ያየዋል? ገንዘብ ባለበትም ሆነ በሌለበት፣ መዝገቡን ሌላ ሰው የሚያነብለት ሰው በቀላሉ ይታለላል። እናንተ ግን ፊደል ቆጥራችኋል። የዕድራችሁ መዝገብ ሲከፈት ጠጋ በሉ፤ ስማችሁንና ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ።

የቤት ሥራ፦
1. ዛሬ በቤታችሁ ያለ ክፍያ የተሠራውን ሥራ ሁሉ በደብተራችሁ ጻፉ። ማን እንደሠራውም ጻፉ።
2. በደቦና በወንፈል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ ገንዘብ ቢቀር፣ መጀመሪያ የሚቸግረው የትኛው ሥራ ይመስላችኋል? ለምን?

የጻፋችሁትን ለጎረቤት አንብቡላቸው፤ ተወያዩበትም። ደህና ሁኑ።