«የውሻ ጥርስ»፦ ከባሕር ጋር የሚያጋጥመው የጎልፍ ሜዳ

ጎልፍ ለብዙዎቻችን የባለጸጎች መዝናኛ ነው። ኮፍያ ያደረገ ሰው ለምለም ሣር ላይ ቀስ ብሎ እየተራመደ፣ ትንሽ ነጭ ኳስ መትቶ፣ ቀሪውን ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ሲጨዋወት የሚውልበት ጨዋታ ይመስለናል። እንደ ሩጫ ላብ አያስፈስስ፣ እንደ እግር ኳስ አያጋፋ፣ ምኑ ያስቸግራል? እንዲህ የሚል ሰው በካሪቢያን ባሕር ዳር፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚገኘውን አንድ ሜዳ ቢያይ ሐሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም። የሜዳው ስም ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «የውሻ ጥርስ» ይባላል።

ይህን ስም ያወጣለት የማስታወቂያ ባለሙያ አይደለም። የአካባቢው ሰዎች በባሕሩ ዳርቻ የተደረደረውን ሹልና ሸካራ የኮራል ድንጋይ በስፓኒሽ «ዲየንቴ ዴ ፔሮ» ይሉታል። የውሻ ጥርስ ማለት ነው። ድንጋዩን በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። የጎልፍ ሜዳው ይህንኑ ድንጋይ ተንተርሶ ነው የተሠራው፤ መልኩንም፣ ክፋቱንም ያገኘው ከዚያው ነው።

ከሸንኮራ አገዳ አጠገብ

ሜዳው ያለው ከዋና ከተማዋ ከሳንቶ ዶሚንጎ በስተምሥራቅ በምትገኘው ላ ሮማና አካባቢ፣ ካሳ ዴ ካምፖ በተባለ ሰፊ መዝናኛ ውስጥ ነው። ላ ሮማና የስኳር አገር ነች። እ.ኤ.አ. በ1967 ገልፍ ኤንድ ዌስተርን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውንና በዙሪያው ያለውን ሰፊ መሬት ገዛ። ስኳር ግን ዋጋው አንድ ዓመት ወጥቶ በሌላው የሚወድቅ ሸቀጥ ነው። ኩባንያው ከአገዳው ጎን ቱሪዝምን ማስፋፋት ፈለገና የጎልፍ ሜዳ እንዲሠራለት ፒት ዳይ የተባለ አሜሪካዊ ቀጠረ።

ፒት ዳይ መጀመሪያ የኢንሹራንስ ሻጭ ነበር። ወደ ሜዳ ንድፍ የገባው በሥራው ከተሳካለት በኋላ፣ እንደ እርሱው ጎበዝ ተጫዋች ከነበረችው ከባለቤቱ ከአሊስ ጋር ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ ስኮትላንድ ሄደው የጎልፍ መፍለቂያ የሆኑትን ጥንታዊ ሜዳዎች አይተዋል። በዚያ የተማሩት ነገር ኋላ በሁሉም ሥራዎቻቸው ይታያል፤ ትናንሽ ግቦች፣ ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓዶች፣ ተጫዋቹን የሚያታልሉ ማዕዘኖች። ላ ሮማና ሲደርሱ ደግሞ ከሰው ንድፍ የሚበልጥ ነገር አገኙ፤ ድንጋዩ ከባሕሩ ጋር እየተቃቀፈ፣ ገባ ወጣ እያለ የሚሄድ ዳርቻ።

ችግሩ ድንጋይ ላይ ሣር አለመብቀሉ ነው። ወደ 300 የሚጠጉ የአካባቢው ሠራተኞች በመዶሻ፣ በመሮና በዶማ ኮራሉን እየሰባበሩ ደለደሉት። አፈሩ በበሬ በሚጎተት ጋሪ እየተጫነ መጣ። ሣሩም በእጅ ተተከለ። ዛሬ ከሆቴሉ በረንዳ ሲታይ ተፈጥሮ ራሷ ያነጠፈችው የሚመስለው አረንጓዴ ምንጣፍ የብዙ ሰው ወገብ የተቆረጠበት ነው። ሜዳው እ.ኤ.አ. በ1971 ተከፈተ። በሦስተኛው ዓመት የዓለም አማተሮች የቡድን ሻምፒዮና ተካሄደበትና የአሜሪካ የወንዶች ቡድን አሸነፈ።

ዳይ ስለዚህ ሜዳ ሲጠየቅ ከ18ቱ ግቦች 11ዱን እኔ ሠራሁ፣ ሰባቱን የሠራው ግን እግዚአብሔር ነው ይል ነበር። ሰባቱ በባሕሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ናቸው። እርሱም ባለቤቱም ይህን ቦታ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልተለዩትም፤ ከስምንተኛው ግብ አጠገብ ቤት ነበራቸው። አሊስ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ፒት ደግሞ በ2020 መጀመሪያ አረፉ።

ሰባቱ ፈተናዎች

ጎልፍን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። አንድ ሙሉ ሜዳ 18 ግቦች አሉት። እያንዳንዱ ግብ መነሻ አለው፤ መድረሻው በደንብ በተከረከመ ሣር መካከል ያለች ትንሽ ጉድጓድ ናት። ጥሩ ተጫዋች ኳሱን ከመነሻው ጉድጓዷ ውስጥ ለማስገባት የሚፈቀድለት የምት ብዛት «ፓር» ይባላል፤ እንደ ርቀቱ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ይሆናል። የውሻ ጥርስ ድምሩ 72 ነው። ከኋለኛው መነሻ ሲለካ ርዝመቱ ከ7,000 ያርድ፣ ማለትም ከስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ግቦች ባሕሩን አያሳዩም። ተጫዋቹ እየተዝናና፣ ክንዱን እያፍታታ ይመጣል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ሰማያዊው ውኃ ይገለጥለታል። ግቡ አጭር ነው፤ በአንድ ምት መድረስ አለበት። ነገር ግን መድረሻው ድንጋይ ላይ ጉብ ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ሣር ነው፤ በግራው ማዕበሉ ይጋጫል። በሰባተኛው ደግሞ ርቀቱ ከኋለኛው መነሻ ወደ 200 ሜትር ይጠጋል፤ አሁንም በአንድ ምት።

የሜዳውን ጠባይ በደንብ የሚያሳየው ስምንተኛው ነው። የመጀመሪያው ምት ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ መሻገር አለበት። ብዙ ውኃ የሚያሻግር ሰው ቀጣዩ ምት ያጥርለታል። ጥቂት ውኃ የሚያሻግር ደግሞ ኳሱ በሰላም ያርፋል፤ ቀሪው መንገድ ግን ይረዝምበታል። ማንም አያስገድድም። ምን ያህል ባሕር እንደሚቆርጥ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ዳይ ተጫዋቾችን የሚያስጨንቀው በዚህ ነበር፤ በር ዘግቶ ሳይሆን ሁለት በር ከፍቶ።

ከአምስት እስከ ስምንት ባሕሩ በግራ ነው። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ሰባት ባሉት ሦስት ግቦች ደግሞ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ትልቅ ልዩነት አለው። በቀኝ እጁ የሚጫወት አብዛኛው ጀማሪ ኳሱ ሳያስበው ወደ ቀኝ ይታጠፍበታል። በመጀመሪያዎቹ የባሕር ግቦች ይህ ጉድለት ከውኃው ያርቀዋል፤ ቢበዛ አሸዋ ውስጥ ይጥለዋል። በኋለኞቹ ግን ያው ጉድለት ኳሱን አንስቶ በቀጥታ ለባሕሩ ያስረክበዋል። ከዚህም በላይ ይህ የሚመጣው ተጫዋቹ ከሦስት ሰዓት በላይ በፀሐይ ተጉዞ ከደከመ በኋላ ነው።

ነፋስ፣ ሙቀትና ከፍታ

ባሕሩ የሚታይ ጠላት ነው፤ ነፋሱ ግን አይታይም። በካሪቢያን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ አለ። ጠዋት ለስለስ ይላል። ፀሐይዋ የብሱን እያሞቀች ስትሄድ ግን ረፋዱ ላይ ይበረታል። ስለዚህ ጠዋት በቀላሉ የተደረሰበት ግብ ከሰዓት በኋላ ሁለት ደረጃ የሚበልጥ ዱላ ሊጠይቅ ይችላል። ኳሱ ከፍ ባለ ቁጥር ነፋሱ እንደ ልቡ ያደርገዋል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በነፋስ ጊዜ በኃይል አይመቱም፤ ረዘም የሚያደርስ ዱላ ይዘው፣ ቀስ ብለውና ዝቅ አድርገው ይመታሉ። በኃይል የተመታ ኳስ ይበልጥ ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር ደግሞ ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ከእኛ አገር ለሚሄድ ተጫዋች ሌላ ያልታሰበ ነገር ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኳሱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ በዚህም የተነሳ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ባሕር ዳር ሲወርዱ ያው ምት በግምት አንድ አሥረኛ ያህል ያጥራል። እዚህ 150 ሜትር የሚሄድለት ሰው እዚያ 135 ሜትር አካባቢ ላይ ኳሱ ይወርድበታል። ተራ ሜዳ ላይ ቢሆን ጉዳቱ ሣር ላይ ማጠር ብቻ ነው። ውኃ ማሻገር ባለበት ቦታ ግን አሥራ አምስት ሜትር በሣርና በባሕር መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ብዙ ሰው እርጥብ አየር «ከባድ» ስለሆነ ኳስ ያሳጥራል ብሎ ያምናል። እውነቱ ሌላ ነው፤ የውኃ ተን ከደረቅ አየር ይቀልላል፤ ስለዚህ እርጥበቱ በኳሱ ርቀት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። እርጥበት የሚጎዳው ተጫዋቹን ነው። ላቡ አይደርቅለትም፣ ሰውነቱ አይቀዘቅዝም፣ ዱላው ከእጁ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጓንት መያዝ፣ እጅን ማድረቂያ ፎጣ አለመርሳት፣ ውኃም ሳይጠማ በፊት መጠጣት ይገባል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር፣ ሲጫወትም ማለዳውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ በአካባቢው የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል።

ሣሩም ቢሆን ተራ ሣር አይደለም። ባሕሩ ጨው እየረጨ ሌላውን ሣር ስለሚያደርቀው «ፓስፓለም» የተባለ ጨው የሚችል ዝርያ ተተክሏል። ኳሱ ሣሩ ላይ ቆም ብሎ ስለሚቀመጥ ለመምታት ይመቻል፤ መሬት ላይ እንዲንከባለል የተላከ ኳስ ግን ከታሰበው ቀድሞ ይቆማል።

ከጎን ያለው ሰው

በዚህ ሜዳ ላይ ከዱላ ሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ካዲው ነው። ካዲ ማለት ዕቃ ተሸካሚ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። በውሻ ጥርስ ግን ካዲው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ግቡ ላይ ያለው ሣር ወደየት እንደሚያዘነብል፣ የትኛው የአሸዋ ጉድጓድ ከሩቅ እንደማይታይ ያውቃል። እንግዳ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የእርሱን ምክር ሰምቶ እንዳልሰማ ሲሆን ነው። ካዲው «ወደ ቀኝ ይምቱ» ሲል የሚያየው ዛሬን ብቻ አይደለም፤ በዚያው ቦታ ሲሰጥሙ ያያቸውን ብዙ ኳሶችም ነው።

ከሜዳው አጥር ባሻገርም ሰዎች አሉ። መዝናኛው የሴንትራል ሮማና የስኳር ኩባንያ ንብረት ነው። በአካባቢው ባሉት የአገዳ እርሻዎች ከሚሠሩት አብዛኞቹ ከጎረቤት ሄይቲ የመጡ ወይም ከሄይቲ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። የአሜሪካ ጉምሩክ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አግኝቻለሁ በማለት የኩባንያው ስኳር ወደ አገሩ እንዳይገባ አገደ፤ ኩባንያው ውንጀላውን አስተባበለ። እገዳው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ተነሳ። ይህን ማንሳታችን የማንንም ሽርሽር ለማበላሸት አይደለም። ድንጋዩን የፈለጡት፣ አገዳውን የሚቆርጡትና ዱላውን የሚሸከሙት ሰዎች የዚያ ውበት አካል ስለሆኑ ነው። ጎብኚ ሊያደርግ የሚችለው ትንሹ ነገር ለካዲው በአክብሮት መናገርና ጉርሻውን አለመንፈግ ነው።

ለቤተሰብና ለጀማሪ

ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉም ጎልፍ ተጫዋች መሆን የለበትም። በመዝናኛው ግቢ ከቻቮን ወንዝ በላይ «አልቶስ ዴ ቻቮን» የተባለ፣ በድሮ የአውሮፓ መንደር አምሳል በድንጋይ የተሠራ ቦታ አለ። 5,000 ሰው የሚይዘው ክብ የትርዒት ሜዳው እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረቀው በፍራንክ ሲናትራ ዘፈን ነው። አንዱ ሲጫወት ሌላው በዚያ ሊውል ይችላል።

ለጀማሪው ደግሞ ምክሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ግብ ከአንድ በላይ መነሻ አለው። የኋለኛው ለጠንካሮች ነው፤ የፊተኛው ለሴቶችና ለልጆች ብቻ ነው የሚለው ወሬ ግን ትክክል አይደለም። ወደፊት ቀርቦ የሚጀምር ሰው የሚያሻግረው ውኃ ይቀንስለታል፤ ጨዋታውም ይጣፍጠዋል። ባለቤትየው ከፊት፣ ባል ከኋላ ጀምረው አብረው መጫወታቸውም የተለመደ ነው። ኳስ ውኃ ውስጥ ሲገባ ቅጣቱ አንድ ምት ነው። ሌላ ኳስ አውጥቶ መቀጠል ነው እንጂ በንዴት ያንኑ ምት መደጋገም አያዋጣም፤ በአንድ ግብ ላይ ስድስት ኳስ የሚያልቀው በእልህ ነው።

የውሻ ጥርስ አስቸጋሪ ነው ሲባል ጉልበት ይጠይቃል ማለት አይደለም። የሚጠይቀው ሰው የራሱን ልክ እንዲያውቅ ነው። መቶ ሃምሳ ሜትር የሚመታ ሰው መቶ ሃምሳ ሜትር እንደሚመታ አምኖ ከተጫወተ ሜዳው ሁልጊዜ የብስ መንገድ ያዘጋጅለታል። ሁለት መቶ እመታለሁ ብሎ ለተነሳ ግን ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ኳስ ጠግቦም አያውቅም።