«አላነበብኩትም» ማለት ለምን ከበደን?

(በሬድዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

  

ዛሬ የማወራችሁ ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰው ሁሉ ያነበበው የሚመስል መጽሐፍ አለ። ሰው ሁሉ የሚከታተለው የሚመስል ድራማ አለ። ሰው ሁሉ የሚደግፈው የሚመስል የኳስ ቡድንም አለ። በዚህ ሁሉ መሐል «እኔ አላየሁትም፤ አላነበብኩትም» የሚል ሰው ሲገኝ ከሌላ ዓለም እንደመጣ እንግዳ ይታያል። እንዲህ እንዳንታይ ስንል ብዙዎቻችን ያላየነውን አይተናል፣ ያላነበብነውን አንብበናል እንላለን። ይህች ትንሽ ውሸት ቤት ውስጥ ምን እንደምታደርግ ከራሴ ልጀምርላችሁ።

የማንኩሳ ጎረቤት

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ወደ ቡሬ ገበያ ሲሄድ አንዳንድ ጊዜ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ በመንገድ ላይ ማንኩሳ ትገኛለች። በልጅነቴ ማንኩሳ ለእኔ መኪና ቆሞ ሰው የሚያወርድባት ቦታ እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበራትም።

ካደግሁ በኋላ ለሥራ አዲስ አበባ ገባሁ። መርካቶ በሱቅ ሠራተኛነት ስቀጠር የመጀመሪያው ጥያቄ «አገርህ ወዴት ነው?» የሚል ነበር። ፍኖተ ሰላም ነው ብዬ ስመልስ አንዱ ደንበኛ «ታዲያ የበዛብህ አገር ሰው ነህ በለኛ! ማንኩሳ ቅርባችሁ አይደል?» አለኝ። ፍቅር እስከ መቃብርን ማለቱ ነው። «አንብበኸዋል መቼም?» ሲለኝ «እንዴታ!» አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር መልሴ ይኸው ሆነ። ከሃያ ዓመት በላይ «እንዴታ!» እያልኩ ኖርኩ። መጽሐፉን ግን ገልጬው አላውቅም።

በኋላ ወደ አገሬ ተመልሼ ትዳር ያዝኩ፤ ልጆች አፈራሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ አንድ ቀን ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች። «አባ፣ ከፍቅር እስከ መቃብር ስለ አንድ ሰው ጻፉ ተብለናል። መጽሐፉ ደግሞ ተራው አልደረሰኝም። ጉዱ ካሳ ማን ነው?» አለችኝ።

በሰፈራችን ነገረ ሥራው ያልተለመደ ሰው ሲገኝ «ጉዱ ካሳ» ይባላል። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበርና «እብድ ቢጤ ነው ልጄ፤ ሰው የሚያስቅ፣ አፉ እንዳመጣለት የሚናገር» አልኳት። እሷም አባቷን አምና ጻፈች። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ እንድታነብ ስትደረግ መጽሐፉን ያነበቡት ልጆች ሳቁባት። ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ጥላ «አባ፣ አንብቤዋለሁ አላልከኝም ነበር?» አለችኝ። ውድ አድማጮቼ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

ሳይነበብ የታወቀው እንዴት ነው?

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማጣራት ጀመርኩ። ፍቅር እስከ መቃብር የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ነው። ጸሐፊው የጎጃም ሰው ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተዋጉ፣ ተማርከውም ጣሊያን አገር የታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማሲ ሥራ አገራቸውን ያገለገሉ ሲሆኑ፣ በ1996 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ ከማንኩሳ ይነሳል። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት በዛብህ የሚባል ልጅ ተምሮ ካደገ በኋላ የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ይቀጠራል። ሁለቱ ይፋቀራሉ፤ ፊታውራሪ ግን ልጃቸውን ከዘራቸው ለሚያንስ ሰው መስጠት አይፈልጉም። በዚህ የፍቅር ታሪክ ውስጥ የጭሰኛው በደል፣ የባላባቱ ኩራት፣ በመጨረሻም በአበጀ በለው መሪነት ያመፀው ገበሬ ይታያል።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ፣ ማንበብ የሚችለው ሰው እጅግ ጥቂት በነበረበት ዘመን ታትሞ፣ እንዴት የሁሉም ሰው ሊሆን ቻለ?

አንደኛው ምክንያት ሬድዮ ነው። ስመ ጥሩ የመድረክ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬድዮ በተከታታይ ተረከው። የገጸ ባሕርያቱን አነጋገር እየለዋወጠ፣ ፊታውራሪውን በፊታውራሪ ድምፅ፣ ድሃውን በድሃ ድምፅ አቀረበው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ባትሪ ድንጋይ ገዝቶ መጽሐፉን በጆሮው አነበበ ማለት ይቻላል። ቅጂው ዛሬም ድረስ ይደመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ስሞቹ ከመጽሐፉ ወጥተው በራሳቸው መሄድ መጀመራቸው ነው። በዛብህና ሰብለ የፍቅረኞች ምሳሌ ሆኑ፤ ጉዱ ካሳ ቅጽል ስም ሆነ። ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. ባወጣው «ኢትዮጵያ» በተሰኘ አልበሙ ውስጥ ይህንኑ ታሪክ ይዞ «ማር እስከ ጧፍ»ን ዘፈነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀረበ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ወጣት አንድም ገጽ ሳያነብ የሰዎቹን ስም፣ የፍቅሩን መጨረሻ ጭምር ሊያውቅ ይችላል። ያወቀ ይመስለዋል፤ ሰውም ያወቀ ይመስለዋል።

ስሙን ብቻ ማወቅ የሚያመጣው ስህተት

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ብቻውን ሲጓዝ ትርጉሙን በመንገድ ላይ ይጥላል። ጉዱ ካሳን ተመልከቱ። በመጽሐፉ ውስጥ እብድ አይደለም። የተማረ፣ ከባላባት ወገን የተወለደ፣ ነገር ግን ወገኖቹ በድሃው ላይ የሚያደርሱትን በደል ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው። «ጉዱ» ያሉት እንደ እነሱ አልሆን ስላላቸው ነው። እንግዲህ መጽሐፉ «ይህን ሰው እብድ የሚሉት ራሳቸው በዳዮች ናቸው» ብሎ ሊያሳየን ሲደክም፣ እኛ ስሙን ብቻ የሰማነው ከበዳዮቹ ጋር ሆነን «እብድ» እንለዋለን። እኔ ለልጄ የነገርኳት የመጽሐፉን ግማሽ አልነበረም፤ ተቃራኒውን ነበር።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በሙስሊሙ ዓለም የለይላንና የመጅኑንን ስም የማያውቅ ማን አለ? በ12ኛው ክፍለ ዘመን ኒዛሚ የተባለው ባለቅኔ በፋርስ ቋንቋ ታሪካቸውን በረጅም ግጥም ጻፈው፤ ያንን ግጥም ያነበበው ግን ከስሙ አዋቂዎች ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። «መጅኑን» ማለትም እብድ ማለት ነው። እዚያም ሰዎች የሰጡት ስም ከሰውየው በፊት ደረሰ።

እናቴ ታውቅ ነበር

ልጄ ያን ዕለት ስታለቅስ እናቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ «ጉዱ ካሳ እብድ ነው ያለሽ ማነው?» አለች። ልጄ ወደ እኔ አየች። እናቴም እንዝርቷን አስቀምጣ «እኔ አባቱ ገበያ ሲሄድ ከጎረቤቴ ጋር ሬድዮ እሰማ ነበር። አንድም ማታ አላመለጠኝም። ያ ሰው እውነት ተናጋሪ ነው፤ ፊታውራሪውን እንኳ የማይፈራ» ብላ መተረክ ጀመረች። የበዛብህን ወላጆች ስም፣ የፊታውራሪውን ቁጣ፣ የገበሬዎቹን አመፅ አንድ በአንድ ነገረቻት።

እኔ ማንበብ እየቻልኩ አላወቅሁም፤ እናቴ ማንበብ ሳትችል ታውቅ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ይህን አላውቅም። ለምን? አንድም ቀን ጠይቄያት ስለማላውቅ ነው። አንብቤዋለሁ የሚል ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ያች ውሸት የልጄን ደብተር ብቻ አላበላሸችም፤ ከእናቴ ጋር ልናወራው የምንችለውን የስንት ዓመት ወግ በልታለች።

ኳሱና ድራማውም እንዲሁ ነው

መጽሐፍ የማይመለከታችሁ አድማጮች ይህ ነገር እኛን አይነካንም ብላችሁ አታስቡ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይባቸው ቤቶች ደጃፍ የሚያልፍ ወጣት «አርሴናል ነህ ማንቼ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ኳስ ባይወድም እንኳ ከሁለት አንዱን ጠርቶ ያልፋል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች ከቤት ቤት ሲገቡ፣ «ጥቁር ፍቅር»ን ያላየች ሴት ቡና ላይ የምታወራው አጥታ ዝም ብላ ስትስቅ ታይታለች። ሌላው ደግሞ ከዚህ በተቃራኒ አንድም ክፍል ሳያይ «ይህ የማይረባ ነገር ነው» ብሎ ልጆቹን ይቆጣል። ልጆቹ ግን አባታቸው የሚያወግዘውን እንደማያውቀው ስለሚያውቁ ምክሩን አይሰሙትም።

ያላየውን አይቻለሁ የሚለውና ያላየውን የሚያወግዘው የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። በአንድ ነገር ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «አላውቀውም» ማለትን ይፈራሉ።

ሁሉን ማወቅ ግዴታ ነው ወይ?

አይደለም። የሰው ዕድሜ አጭር ነው፤ ሥራ አለ፣ ሶላት አለ፣ ልጅ ማሳደግ አለ። ኳስ ያልወደደ ሰው ምንም አልጎደለበትም። ድራማ ለማየት ጊዜ የሌላት እናት ከማንም አታንስም። «ፍቅር እስከ መቃብር ውስጡ የቤተ ክርስቲያን ሕይወት የበዛበት ስለሆነ ለእኔ አይሆነኝም» የሚል ሙስሊም ቢኖርም ምርጫው ነው፤ ይህንኑ በግልጽ ይናገር። እኔ በበኩሌ ካነበብኩት ወዲህ የምለው፣ ጎረቤቶቻችን እንዴት እንደኖሩ፣ ጎጃም ውስጥ ገበሬው ምን ይከፍል እንደነበር፣ ሰው በዘሩ ሲናቅ ምን እንደሚሰማው ከእሱ የተማርኩት ብዙ ነው።

ችግሩ አለማወቁ አይደለም፤ መሸፈኑ ነው። ወሬን ሳያጣሩ አለማሠራጨትን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ኢማሙ ማሊክን እናስታውስ። ሰዎች ከሩቅ አገር ተጉዘው እየመጡ ሲጠይቋቸው ለብዙው ጥያቄ «አላውቅም» ብለው ይመልሱ እንደነበር ይነገራል። ያን ያህል ሊቅ በዲን ጉዳይ «አላውቅም» ለማለት ካላፈሩ፣ እኛ ስለ ልብ ወለድና ስለ ኳስ «አላውቅም» ለማለት ምን ያሳፍረናል?

በየቤታችን ብንሞክረው

ስለዚህ በየቤታችን ሦስት ነገሮችን ብንለምድ መልካም ነው እላለሁ። አንደኛ፣ ልጅ ስለማናውቀው ነገር ሲጠይቀን «አላውቀውም፤ አብረን እንየው» እንበል። በዚህ ልጁ አባቱን አይንቅም፤ መጠየቅን ይማራል እንጂ። ሁለተኛ፣ «ይህ ክፉ ነው» ከማለታችን በፊት ጥቂቱን እንኳ እንመልከት፤ አለበለዚያም ያየን የምናምነውን ሰው እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ አያቶችን እናናግር። ፊደል ያልቆጠሩት ብዙ ሰምተዋል፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

በእኛ ቤት አሁን ከዒሻ ሶላት በኋላ ልጄ ፍቅር እስከ መቃብርን ጮክ ብላ ታነባለች። እናቴ እየፈተለች ታዳምጣለች። አንዳንድ ጊዜ «ቆይ፣ እዚህ ላይ ፊታውራሪው እንዲህ አይደለም ድምፁ» ብላ ታርማታለች። እኔ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት በርበሬ ሊገዛ ከአዲስ አበባ የመጣ ደንበኛዬ ያንኑ የቆየ ጥያቄ ጠየቀኝ። «የበዛብህ አገር ሰው፣ አንብበኸዋል መቼም?» አለኝ። «ገና እያነበብንልህ ነው» አልኩት። «በዚህ ዕድሜህ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ከዚያ ወደ በርበሬው ዋጋ ተመለስን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እንገናኛለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።