ጭቃ የያዘው ካሚዮን

በአዲስ አበባ በጉለሌ ዊንጌት የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በዚያ ከተሠራው ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱም የተጠራው በእንግሊዛዊው የጦር መኮንን በዊንጌት ስም ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ከስደት ሲመለሱ፥ ይህ መኮንን አብሮ ነበረ። ከዚያ እስከ በላያ ተራራ የተጠረገ መንገድ ስላልነበረ ካሚዮኖች እጅግ ተቸገሩ። ጭነቱን ይበልጡን የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመንገድ አለቁ።

ካሚዮን በጭቃ ወይም በአሸዋ የሚያዘው ስለ ምንድር ነው? ጎማ ወደ ፊት የሚሄደው መሬቱን ቆንጥጦ ሲገፋ ነው። መሬቱ የላላ እንደ ሆነ ግን በቦታው ይዞራል፤ በዞረም ቍጥር ከበታቹ ያለውን አፈር እየጠረገ ይሰምጣል። አራቱም ጎማ በሞተር የሚዞር መኪና እንኳ፥ አራቱም ከተንሸራተቱ አራት ጕድጓድ ይቈፍራል እንጂ አይወጣም።

ስለዚህ ብልህ ነጂ ሞተሩን ማስጮኽ ትቶ ይወርዳል። ጭቃውን በአካፋ ይጠርጋል፤ ጭነቱን ያቃልላል፤ ከጎማው ፊት ድንጋይና ቅርንጫፍ ያነጥፋል። ከጎማውም ጥቂት አየር ያስተነፍሳል፤ የላላ ጎማ መሬቱን በሰፊው ይረግጣልና። ከዚያ በኋላ በቀስታ ይነዳል።

ልጆች ሆይ፥ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ሒሳቡ እንቢ ባላችሁ ጊዜ በቍጣ ያንኑ ስሕተት ብትደጋግሙ ጕድጓዳችሁ ይጠልቃል። ቆም ብላችሁ የተያዛችሁበትን ፈልጉ፤ የሚያግዛችሁንም ለመጥራት አትፈሩ። እልኸኛ በገባበት ይቀራል፤ አስተዋይ ግን መውጫውን ያገኛል።