የት ነው የምትቆርጡበት?

ቼይንሶው ይዞ የመጣ ደንበኛ ብልሽቱን ዘርዝሮ ሲጨርስ፣ ካቻቪቴ ከማንሳቴ በፊት "የት ነው የምትቆርጡበት?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ጨዋታ የፈለግሁ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከደን ጥበቃ ሰዎች ጋር የተነጋገርኩ እየመሰለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እዚሁ አካባቢ ነው" ይለኛል። እኔ ማወቅ የምፈልገው የቦታውን ከፍታ ነው። ሱሉልታም ይሁን ቦንጋ ወይም ጋምቤላ፣ ካርቡራተሩን የማስተካክለው እዚያ ላለው አየር ነው።

ኮልፌ ቀራኒዮ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰፈር ነው። አጠና ተራ አጠገባችን ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን የከበባት ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያ፣ ለአጥርና ለማገዶ እየተቆረጠ በዚህ በኩል ያልፋል። የአምቦ መንገድ በአስኮና በቡራዩ፣ የጅማ መንገድ በአየር ጤናና በሰበታ አድርጎ ይወጣል። ስለዚህ እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መጋዝ ነገ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለአጠና ትንንሾቹ ይበቃሉ። ትልልቆቹና አሮጌዎቹ የሚፈለጉት ለወፍራም ግንድ፣ ለጉቶና ለጣውላ ስንጠቃ ነው። ከእነዚህ መካከል እስከ ዛሬ ከሥራ ያልወጣው ስቲል 070 ነው። 106 ሲሲ፣ አንድ ፒስተን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 58 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 40 ሚሊ ሜትር። ዘሩ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣው ኮንትራ ከተባለው መጋዝ ነው። ታላቅ ወንድሙ 090 ደግሞ 137 ሲሲ ይደርሳል። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ የሚያስብ ኤሌክትሮኒክስ የለም። የሚያስብላቸው ሰው ነው።

አሁን ስለ አየሩ ልናገር። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር ቤንዚን የሚስበው በጉሮሮው በሚያልፈው አየር ፍጥነት ነው፤ የአየሩን መሳሳት የሚለይበት መንገድ የለውም። አየሩ ሲሳሳ የቤንዚኑ ፍሰት በዚያው ልክ አይቀንስምና ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ መጋዝ ኮልፌ ላይ ሲነሳ ያጨሳል፣ ይሰንፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። እኛ መካኒኮች ኤች የሚል ምልክት ያለባትን ብሎን ወደ ውስጥ አስገብተን ቤንዚኑን እንቀንሳለን። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ያ ጉልበት በብሎን አይመለስም፤ የሌለ አየር ከየትም አይመጣም። ደንበኛው ግን ጉልበቱን ይፈልገዋል፣ ብሎኗም ስትጠብቅ የሞተሩ ጩኸት ይጨምራል፣ ጩኸቱም ጉልበት ይመስላል። በዚህ አኳኋን ከልኩ በላይ የጠበቀ መጋዝ በጅማ መንገድ ሲወርድ፣ ወልቂጤን አልፎ ጊቤ ድልድይ ጋ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። ጅማ ወደ 1,750 ይወጣል። ጋምቤላ 500 ሜትርን ብዙም አያልፍም። በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ሲመዛዘን ያንሳል። ኮልፌ ላይ ጠርዝ ላይ የቆመ ሞተር እዚያ ሲደርስ ጠርዙን አልፏል።

ቤንዚን ያነሰው ባለ ሁለት ምት ሞተር በሦስት በኩል ይጎዳል። ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ፣ ቤንዚኑ ሲቀንስ ዘይቱም ይቀንሳል። ከውስጥ የሚያቀዘቅዘው ትነት ስለሚያንስ ይግላል። ጭነት ሲለቀው ደግሞ ከልኩ በላይ ይፈጥናል። የሚያሳዝነው ነገር መጋዙ ከመቃጠሉ በፊት ባለው ጊዜ በደንብ መቁረጡ ነው። ቆራጩ "ዛሬ እንዴት ያለ ነው!" እያለ ይሠራል፤ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል። ሲሊንደሩን ስፈታው ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ተፍቆ፣ አሉሚኒየሙ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘዋለሁ። ዘይት ጨርሶ ሳይደባለቅበት የተቃጠለ ከሆነ ፍቀቱ ዙሪያውን ይሆናል። ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ባለቤቱና ቆራጩ እዚሁ በር ላይ ሲካሰሱ ብዙ ጊዜ ዳኛው ፒስተኑ ነው።

ስለ ዙሩም ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ቀላል አድርጎ ያየዋል። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ በክራንኩና በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ኃይል በዙሩ ልክ ብቻ አያድግም፤ በዙሩ ካሬ ያድጋል። በደቂቃ ከ8,000 ወደ 10,000 ዙር ብንወስደው፣ ጭማሪው ሩብ ቢመስልም በብረቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ከባድ ፒስተን ያላቸው አሮጌዎቹ ለዚህ አልተሠሩም። ፍሪሲዮኑም፣ ሰንሰለቱም እንዲሁ።

ታዲያ ዙሩን የሚገድበው ምንድን ነው? አንደኛው መንገድ ቤንዚኑ ራሱ ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው በመጠኑ እንዲበዛበት ከተደረገ፣ በየዙሩ መቀጣጠሉ ቀርቶ እየዘለለ ይቀጣጠላል። ድምፁ ጥርት ብሎ አይጮህም፤ ይንተከተካል። ጥርሱ እንጨት ሲነክስ ዙሩ ይወርዳል፣ መንተክተኩ ይጠፋል፣ ድምፁ ይጠራል። ከእንጨቱ ብድግ ሲያደርጉት ወዲያው መንተክተኩ ይመለሳል። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው፤ የምፈትነውም በባዶ ሳይሆን ሱቁ ጎን ባስቀመጥኩት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ነው። እንጨት ውስጥ ገብቶም ከተንተከተከ ቤንዚን በዝቶበታል። በባዶው ጥርት ብሎ ከጮኸ አንሶታል፤ ቢያምርም አይሰጠውም። ጣውላ ለሚሰነጥቅ ደግሞ ትንሽ አብልጬ እተወዋለሁ፤ በግንዱ ርዝመት መሰንጠቅ ሞተሩን ያለ እረፍት በሙሉ ቤንዚን ስለሚያሠራው ነው።

ሁለተኛው መንገድ አንዳንዶቹ ትልልቅ አሮጌ መጋዞች ካርቡራተራቸው ውስጥ ያለው ዙር ገዳቢ ነው። በሞላ የተያዘች ትንሽ ኳስ አንዲት ቀዳዳ ትዘጋለች። ሞተሩ የተወሰነ ዙር ላይ ሲደርስ ንዝረቱ ኳሷን ከመቀመጫዋ ያነሳታል፣ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈሳል፣ ሞተሩ ይታፈንና ዙሩ ይወርዳል። ይህችን የሠራ ሰው ብልህ ነበር። ነገር ግን ልምድ ያለው መካኒክ እንኳ የሚወድቅባት ጉድጓድ እሷ ናት። ኳሷ ስትከፈት የሚሰማው ድምፅ ከበዛ ቤንዚን መንተክተክ አይለይም። መካኒኩ ያንን ሰምቶ "በዝቶበታል" ይልና ኤችን ያጠብቃል። ድምፁ አይለወጥም፤ ኳሷ ናት እንጂ የምታንተከትከው። ደግሞ ያጠብቃል። በባዶው ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። እንጨት ውስጥ ሲገባ ዙሩ ገዳቢው ከሚከፈትበት በታች ይወርዳል፣ ኳሷ ትዘጋለች፣ ያኔ የሚቀረው ኤች የምትሰጠው ቤንዚን ብቻ ነው። እሱም አልቋል። ስለዚህ ገዳቢ ባለበት መጋዝ ላይ የባዶውን ድምፅ አልከተልም። ከመነሻው፣ ብዙውን ጊዜ ኤች ቀስ ብላ ከተዘጋች በኋላ አንድ ዙር ገደማ ከተከፈተችበት እነሳና እንጨት ውስጥ እየሠራሁ ካንዴላውን እያየሁ አስተካክላለሁ።

ገዳቢውን ደፍነው የሚያመጡልኝም አሉ። "ያፍነው ነበር፣ አስደፈንኩት" ይሉኛል። እንዲያ ያለውን ሳገኝ ከፍቼ ወደ ቦታው መመለስ እንደምፈልግ አስቀድሜ እናገራለሁ፤ የማይስማማ ይዞት ይሂድ። አዳዲሶቹ ላይ ዙሩን የሚገድበው ቦቢናው ነው፤ ብልጭታውን እየቆረጠ ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማል፣ ተመሳሳይ ወጥመድም ይሆናል። ለእነዚያ ዙር መቁጠሪያ መያዝ ግድ ነው።

ብሎኗን ከመንካት በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የባሕር ዛፍ ደቃቅ ብናኝ ፊልትሮውን ሲደፍነው ቤንዚን የበዛ ይመስላል፤ በቆሻሻ ፊልትሮ የተስተካከለ መጋዝ ፊልትሮው በታጠበ ማግስት ቤንዚን ያንሰዋል። የክራንኩ ዘይት መያዣ ጎማ ካረጀ ከጎን አየር ይስባል፤ ሚኒሞው፣ ማለትም ቤንዚን መስጫው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ልክ፣ አልረጋ ይላል፤ ያንን በብሎን ማስተካከል በሽታውን መሸፈን ነው። የካርቡራተሩ ዲያፍራም ሲደርቅና ሲጠነክርም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የሚቀዳው ቤንዚን ኤታኖል ይደባለቅበት ነበር፤ መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ። ኤታኖል ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ሞተሩ ቤንዚን እንዳነሰው ይሆናል፤ አሮጌ ጎማዎችንም ይጎዳል። ዘይትንም በተመለከተ፣ "ለጥንቃቄ" ብለው እጥፍ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። በዚያችው የካርቡራተር ቀዳዳ ዘይቱ ከበዛ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፤ ጥንቃቄው ተገላቢጦሽ ይሆናል። ለተራ የሁለት ምት ዘይት አንድ ለሃያ አምስት፣ ለጥሩው አንድ ለሃምሳ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መከተል ነው።

አንድ የእንጨት ነጋዴ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሊወርድ ሲል መጋዙን መልሶ አመጣልኝ። "ጋሼ፣ ጩኸቱን ገደልከው" አለኝ። አብሮት የመጣው ቆራጭ ዝም ብሎ ቆሟል። ግንዱ ላይ አስነስቼ ለቆራጩ ሰጠሁትና እንዲቆርጥ አደረግሁ። ሲያነሳው ተንተከተከ፣ ሲያስገባው ጠራ። "አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት። "ይቆርጣል" አለ፣ ነጋዴውን ሳያይ። ነጋዴው የሚያስበው በቀን ስንት ጣውላ እንደሚወጣ ነው፤ ያም ተገቢ ሐሳብ ነው፣ የሚበላው ከዚያ ነው። እኔ ግን መጋዙን ከጉልበቱ አጠገብ ይዞ የሚውለውን ሰው አስቀድማለሁ። ብዙዎቹ አሮጌዎቹ የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም። ቆራጩ ጣቱን ከቤንዚን መስጫው ሲያነሳ ሰንሰለቱ መቆም አለበት፤ የሚያቆመው ደግሞ የሚኒሞው ልክ ብቻ ነው። ኮልፌ ላይ ልክ የነበረ ሚኒሞ ቆላ ሲወርድ ይፈጥናል፤ ፍሪሲዮኑ መያዝ ይጀምራል፣ ሰንሰለቱ ማንም ሳያዘው ይዞራል። አንድ ሰው ጠዋት እግሩን ወደ ግንዱ ጠጋ አድርጎ በዚያ መጋዝ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ሚኒሞ ለእኔ የሞተር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለነጋዴው የማደርገውን አደረግሁ። የካርቡራተሩ ብሎኖች ኮልፌ ላይ የቆሙበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግሁበት። ለጅማና ለቦንጋ ኤችን ከምልክቱ ስምንተኛ ዙር ያህል፣ ከዚያ ለሚወርድ እስከ ሩብ ዙር ከፍቶ እንዲጀምር፣ ከዚያ እንጨት ውስጥ ድምፁን እየሰማ እንዲወስን ቆራጩን አሳየሁት። ሰንሰለቱ በሚኒሞ ከዞረ የሚኒሞውን ብሎን እስኪቆም ድረስ እንዲፈታ፣ ወደ ደጋ ሲመለስ ሁሉንም ወደ ነጩ ምልክት እንዲያመጣ ነገርኩት። ካቻቪቴዋን ለነጋዴው ሳይሆን ለቆራጩ ሰጠሁት። ነጋዴው ሒሳቡን ሲከፍል የካቻቪቴዋን ዋጋ ጠየቀኝ፤ በጥገናው ውስጥ ገብታለች አልኩት።