የማይድን የሚመስል ቁስል



ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የጣና ሐይቅ፥ በስተምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ተራራ የሚወጣው ደጋ ይገኛሉ። በዚህ አገር ገበሬው ክረምቱን በጭቃ ውስጥ ሲያርስና ሲያርም ይውላል፤ ልጁም ብዙ ጊዜ በባዶ እግሩ ከብት ይጠብቃል። እሾህ የጫረው እግር ሳይድን ወራት፥ አንዳንዴም ዓመታት ማስቆጠሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ስሙ «ቁስል» ተብሎ በአንድ ቢጠራም መነሻው ግን ብዙ ነው፤ መድኃኒቱም እንደ መነሻው ይለያያል። ከእነዚህ ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛው የቆላ ቁስል የሚባለው ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ከጉልበት በታች ይይዛል። በጭረት በኩል ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች በኅብረት ይገባሉ፤ ቆዳው ውሃ ይቋጥርና ይፈነዳል፤ ቁስሉም በጥቂት ቀን ውስጥ ይሰፋል፥ ይሸታል፥ ያማልም። በጊዜው ታጥቦ ከተሸፈነ፥ እግሩም ካረፈና ፔኒሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ከተሰጠ ይድናል። ቸል ከተባለ ግን እስከ አጥንት ሊዘልቅ፥ ከብዙ ዓመታት በኋላም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

ሁለተኛው ቁንጭር ነው። የሚወጣው ይበልጡን በፊት ላይ ሲሆን፥ የሚያስተላልፈውም ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነፍሳት ናት። እርስዋም ተሕዋሱን የምታገኘው በገደልና በዋሻ ከሚኖረው ከሽኮኮ ነው። ስለዚህ በአገራችን ቁንጭር ይበልጡን የሚታየው በደጋና በወይና ደጋ፥ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ባለው ሥፍራ ነው። የቆላ ቁስልን የሚያድነው ፔኒሲሊን ለቁንጭር አይጠቅምም፤ የራሱን መድኃኒት ይሻል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በወሎ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይህ ሕክምና ይሰጣል።

ሦስተኛው ሥጋ ደዌ የሚያስከትለው የውስጥ እግር ቁስል ነው። በሽታው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ሕመምተኛው የወጋው እሾህ አይሰማውም፤ ስላልተሰማውም በቆሰለው እግር መራመዱን ይቀጥላል። ተሕዋሱ በመድኃኒት ቢጠፋም የሞተው ነርቭ ስለማይመለስ እግርን በየቀኑ መመርመር፥ በውሃ ዘፍዝፎ ቅባት መቀባትና ለስላሳ ጫማ ማድረግ ግድ ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ይህን ጥበብ ለብዙ አፍሪካውያን የጤና ሠራተኞች አስተምሯል። የከተማው ሰውም አይዘናጋ፤ የስኳር ሕመም እግርን በተመሳሳይ መንገድ ያደነዝዛልና።

ብዛቱን በተመለከተ መዝገብ ብቻውን እውነቱን አይነግረንም። በአገራችን በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች በቁንጭር እንደሚያዙ ተገምቷል፤ በጤና ተቋማት የሚመዘገበው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የሥጋ ደዌም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1999 በአገር አቀፍ ደረጃ ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ወርዶ ሳለ፥ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ከ3,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ተገኝተዋል። ቁስለኛው ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት በቤቱ ቅጠል ያስራል፥ ጸበል ይጠመቃል፤ መንገዱ ይርቀዋል፥ የሰው ዓይንም ያሳፍረዋል። ስለዚህ በመዝገብ የታየው ጥቂት ቁጥር በሽታው ጥቂት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በጀትና መድኃኒት በቁጥር የሚደለደል ስለሆነ፥ ያልተቆጠረው ቁስለኛ ያለ መድኃኒት ይቀራል።

እንግዲህ ዘመድ ከገጠር ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ቁስሉ የወጣው የት ላይ ነው? ሲነካ ይሰማዋል ወይስ ደንዝዟል? ስንት ጊዜ ቆየ? ቁስሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመዳን ምልክት ካላሳየ፥ ወይም የማይሰማው ከሆነ፥ ከፋርማሲ ቅባት ገዝታችሁ አትሸኙት፤ ከሐኪም ዘንድ አድርሱት። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። የተገለጠውንም በትክክለኛ ስሙ መዝግቦ ማከም የሁላችንም ፋንታ ነው።