የሞግዚትን ንግግር የሚጫወተው ቪዮላ

ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ይዘው አብረው የሚጫወቱ አራት ሰዎች «ስትሪንግ ኳርቴት» ይባላሉ። ብዙዎቻችን ይህን ዓይነት ሙዚቃ የምናውቀው በፊልም ወይም በሆቴል እራት ላይ፣ ከወሬያችን ጀርባ ቀስ ብሎ ሲሰማ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ሥራ ግን ከጀርባ የሚቀመጥ አይደለም። ባቡር ይጮህበታል፣ ሰው ይናገርበታል፣ አንዳንዴም ጆሮ ይጎረብጣል። ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ በመሆኑ ግን ለዚህ ገጽ ይስማማል።

ሥራው «ዲፈረንት ትሬይንስ» ይባላል፤ «የተለያዩ ባቡሮች» እንደማለት ነው። ደራሲው አሜሪካዊው ስቲቭ ራይሽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ክሮኖስ ኳርቴት ነው። ክሮኖስ ቫዮሊን ተጫዋቹ ዴቪድ ሃሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያትል ውስጥ የመሠረተውና አዳዲስ ድርሰቶችን እያስጻፈ በመጫወት የሚታወቅ ቡድን ነው።

ራይሽ የአንድ ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ተለያዩ። አባቱ ኒው ዮርክ ቀሩ፤ እናቱ ሎስ አንጀለስ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1942 ድረስ ሕፃኑ ቨርጂኒያ ከተባሉ ሞግዚቱ ጋር ያን ሁሉ አገር በባቡር እያቋረጠ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር። ካደገ በኋላ አንድ ነገር ከነከነው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው። በእነዚያው ዓመታት አውሮፓ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ የሚሳፈረው ናዚዎች አይሁዳውያንን ወደ ሞት ካምፕ ያጓጉዙበት የነበረውን ባቡር ነበር።

ስለዚህ ቨርጂኒያን ፈልጎ ድምፃቸውን ቀረጸ፤ ያኔ ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ ነበር። በዚያው መስመር የሠሩ፣ ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው ጡረተኛ የባቡር አስተናጋጅንም አናገረ። ከእልቂቱ የተረፉ ሦስት ሰዎች የሰጡትን ቃል ደግሞ ከድምፅ ቅጂዎች ሰበሰበ። ከዚያም አጫጭር አነጋገሮችን መርጦ፣ ድምፁ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል በኖታ ጻፈው። ሴቶቹ ሲናገሩ ቪዮላ፣ ወንዶቹ ሲናገሩ ቼሎ ያንኑ ዜማ ይደግማል። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ ማሲንቆ የአዝማሪውን ቃል ተከትሎ «ሲናገር» ሰምተን አድገናል። እዚህ ግን የሚከተለው ግጥም ሳይሆን የአንዲት አሮጊት ተራ ወሬ ነው።

ሥራው 27 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሦስት ክፍል አለው፦ ከጦርነቱ በፊት አሜሪካ፣ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፓ፣ ከጦርነቱ በኋላ። የመጀመሪያውን ክፍል ከ12 ዓመት ልጄ ጋር ሰማሁት። «የሚያወራው ሰውዬው ነው ቼሎው?» አለችኝ። ሁለተኛው የአደጋ ጊዜ ሳይረን የሚጮህበት ስለሆነ፣ ልጆች ያላችሁ መጀመሪያ ብቻችሁን ስሙት።

እኔም ወላጆቼ የተለያዩት የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ደሴ፣ አባቴ አዲስ አበባ። በአውቶቡስ የምታመላልሰኝ አክስቴ ነበረች። ሙዚቃውን በሰማሁ ሳምንት ደወልኩላትና ስለዚያ መንገድ ጠየቅኳት።

«ከደሴ ስንነሳ ጣርማ በርን እስክናልፍ ትንፍሽ አትዪም ነበር» አለችኝ። «ስንመለስም እንደዚያው፤ ጣርማ በር እስክንደርስ ዝም። እኔን!»

መሀል መንገድ ላይ ከአንዱ ወላጄ ወደ ሌላው እሻገር እንደነበር አላውቅም ነበር። እናቴም አባቴም ይህን ሊነግሩኝ አይችሉም፤ አንዳቸውም አውቶቡሱ ውስጥ አልነበሩም። ራይሽም ሙዚቃው ውስጥ ያስገባው የወላጆቹን ድምፅ አይደለም፤ እጁን ይዘው አብረውት የተጓዙትን ሞግዚት ነው።

በየቤታችን እንዲህ ያለ ሰው አለ፦ አክስት፣ ሞግዚት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ጎረቤት። ልጅ ምን እንደተሸከመ ያዩት እነሱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው። መቅረጫው በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ልጄ የአክስቴን «እኔን!» ደጋግማ ከፍታ ሰማችው። ከፍ ብሎ ተነሥቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። አሁን በአፏ ታዜመዋለች።